ከቮስቶክ እስከ ሶዩዝ፦ ለተጨማሪው ሰው የሚሆን ቦታ ከየት መጣ?

የምሕዋር ተማሪ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ታዳሚዎች፣ ስለ ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዎቹ ሰው ጫኝ መንኮራኩሮች በተነሳ ቁጥር ወሬው ማን ማንን ቀደመ ወደሚለው ይሄድና እዚያው ይቀራል። እኔ ላነሳው የምፈልገው ጉዳይ በመንኮራኩሯ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች ቁጥር ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን በቮስቶክ ብቻውን በረረ። ኦክቶበር 12 ቀን 1964 ደግሞ ቭላዲሚር ኮማሮቭ፣ ኮንስታንቲን ፌዎክቲስቶቭና ቦሪስ ዬጎሮቭ በቮስኾድ 1 ሦስት ሆነው ወጡ። ዓለም ይህን ሲሰማ ሩሲያውያን አዲስና ትልቅ መንኮራኩር የሠሩ መሰለው። እውነቱ ግን የቮስኾድ መውረጃ ክፍል ከቮስቶክ የተወረሰው፣ ወርዱ 2.3 ሜትር ገደማ የሆነው ያው ድቡልቡል ብረት መሆኑ ነው።

ቦታው የተገኘው ከውስጥ ዕቃ በማውጣት ነው። በመጀመሪያ የወጣው ጠፈርተኛውን ከነመቀመጫው አስፈንጥሮ ከመንኮራኩሯ የሚያስወጣው ወንበር ነው፤ ቀጥሎ የጠፈር ልብሱ ቀረ። ሦስቱ ሰዎች የሱፍ ሹራብና ቀለል ያለ ሱሪ ለብሰው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ። ወንበሮቹም ከቮስቶኩ አቀማመጥ በ90 ዲግሪ ስለዞሩ፣ የመሣሪያ ሰሌዳው ግን በነበረበት ስለቀረ፣ ጠቋሚዎቹን ለማንበብ አንገትን ማጣመም ግድ ነበር።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ከቮስኾድ 1 ጀምሮ ከእሷ ቀጥላ እስከ መጣችው መንኮራኩር እስከ ሶዩዝ 11ኛ በረራ ድረስ ሦስተኛው ሰው የተቀመጠው ደኅንነቱን ይጠብቅ የነበረ አንድ ዕቃ በተነሳበት ቦታ ላይ ነው። የምትቃወሙኝ ካላችሁ ክርክራችሁን እጠብቃለሁ።

ጋሽ ሜካኒክ፦

የምሕዋር ተማሪ፣ ርእሱን በማንሳትህ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ስለዚያ ወንበር ትንሽ ልጨምር፤ ሥራው አንድ ብቻ ስላልነበረ ነው።

በቮስቶክ ጊዜ መውረጃው ኳስ በፓራሹት ቢወርድም ፍጥነቱ ውስጡ ላለ ሰው አደገኛ ነበር። ስለዚህ መሬት ሊደርስ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው መዝጊያው ይፈነቀልና ወንበሩ ጠፈርተኛውን ይዞ ይወጣል፤ ሰውየው በራሱ ፓራሹት ለብቻው ያርፋል። ጋጋሪን በሳራቶቭ አካባቢ መሬት የረገጠው እንዲህ ነው። ሶቪየቶች ይህን ለዓመታት ሸሽገውታል፤ የዓለም አቀፉ የበረራ ማኅበር ደንብ ክብረ ወሰን ለማጽደቅ አብራሪው ከነአውሮፕላኑ እንዲያርፍ ይጠይቅ ነበርና። የወንበሩ ሁለተኛ ሥራ በመነሻ ጊዜ ሮኬቱ ቢበላሽ ሰውየውን ማስመለጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ከፍታው በቂ ስላልሆነ ማምለጫው አስተማማኝ አልነበረም፤ ሆኖም አንድ መንገድ ነበረ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወንበሩን ስታወጣው ሁለት ቀዳዳ ትከፍታለህ። ንድፍ አውጪዎቹ አንዱን ደፍነውታል፤ ለቮስኾድ በፓራሹቱ ገመዶች ላይ የተገጠመ፣ መሬት ሊነካ ሲል የሚተኮስና ግጭቱን የሚያለዝብ ትንሽ ሮኬት ሠሩለት። ሌላም መልካም ነገር ጨምረዋል። ቮስቶክ ከምሕዋር የሚያወርዳት ሮኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ እምቢ ቢል ተስፋው ምሕዋሯ ዝቅተኛ በመሆኑ በ10 ቀን ገደማ በራሷ ትወድቃለች የሚል ነበር፤ የተጫነላት ምግብና አየርም ለዚያ ታስቦ ነው። ቮስኾድ ግን በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ መጠባበቂያ ተጨመረላት። ስለዚህ "ዕቃ አወጡ" ብቻ ማለት ግማሹን እውነት ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ማለትም በመነሻ ጊዜ የማምለጫው ነገር፣ ሳይደፈን ቀረ። ሮኬቱ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ቢፈነዳ ለሦስቱ ሰዎች የተዘጋጀ ምንም መውጫ አልነበረም።

የካርኮቩ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። በሶቪየት ዘመን ካርኮቭ ተምሬ ስለነበር ከመንኮራኩሮቹ ዋና ንድፍ አውጪ ከሰርጌይ ኮሮሊዮቭ ቢሮ የወጡ ሰዎች የጻፉትንና የጄኔራል ኒኮላይ ካማኒንን የቀን ማስታወሻ በሩሲያኛ ለማንበብ ዕድሉን አግኝቻለሁ። ካማኒን የጠፈርተኞቹ ሥልጠና ኃላፊ የነበረ የአየር ኃይል ሰው ነው፤ ማስታወሻው የዚያን ጊዜውን ጭቅጭቅ እንዳለ ያሳያል።

አሜሪካኖች ሁለት ሰው የምትይዘውን ጄሚኒን እያዘጋጁ ነበር። ሶዩዝ ገና በወረቀት ላይ ስለነበረች ጄሚኒን ለመቅደም ያለው አማራጭ የቮስቶክን ኳስ መልሶ ማደራጀት ብቻ ነበር። ብዙዎች ይህን የሶቪየቱ መሪ የኒኪታ ክሩሽቼቭ ትእዛዝ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን የክሬምሊን ግፊት የት ላይ አብቅቶ የኮሮሊዮቭ የራሱ የመቅደም ፍላጎት የት እንደሚጀምር ቆርጦ መናገር ይከብደኛል።

የሚገርመው የፌዎክቲስቶቭ ሚና ነው። እርሱ ፓይለት አልነበረም፤ የኮሮሊዮቭ ቢሮ መሐንዲስ ሲሆን ቮስቶክን ከነደፉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። መንኮራኩሯን ለሦስት ሰው የማድረጉን ሥራ የመራው ሰው ራሱ ገብቶ በረረባት። ይህን አንዳንዶች እንደ ድፍረት፣ ሌሎች ከኮሮሊዮቭ ጋር እንደ ተደረገ ውል ያዩታል። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደ ጎደለ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ከጎደለው ነገር ጋር ተስማምቶ ተቀመጠ። ዬጎሮቭም ሐኪም ነበር።

ከመነሳታቸው በፊት የተደረገው ሰው አልባ ሙከራ አንድ ብቻ ነበር፤ ኮስሞስ 47 የሚባለው፣ ኦክቶበር 6 ቀን የተላከው። በዚያው ዓመት በክራይሚያ በፌዎዶሲያ አቅራቢያ ከአውሮፕላን የተጣለ የሙከራ መውረጃ ክፍል ፓራሹቱ ሳይወጣለት ቀርቶ ተከስክሷል። ሦስቱ ሰዎች ግን አንድ ቀን ከጥቂት ደቂቃዎች በረው ኦክቶበር 13 በሰላም አረፉ። በማግስቱ ክሩሽቼቭ ከሥልጣን ወረደ፤ ምሕዋር ላይ ሳሉ በስልክ ያነጋገራቸው እርሱ ነበር፤ ሞስኮ ላይ የተቀበሏቸው ግን እርሱን የተኩት ብሬዥኔቭና ኮሲጊን ናቸው።

ጥያቄ አለኝ፦

ለሁላችሁም አክብሮቴ የላቀ ነው። አንድ የገረመኝን ልጠይቅ። ቮስኾድ ሰው ጭና የበረረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሁሉም ሰው በሕይወት ተመልሷል። ሰው የሞተባት ሶዩዝ ናት፤ እሷ ደግሞ ማምለጫ ነበራት። ታዲያ ቮስኾድን አደገኛ የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

ጋሽ ሜካኒክ፦

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍሬን የሌለው መኪና ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃን በሰላም ስለ ደረሰ ፍሬን አያስፈልግም አይባልም።

የቮስኾድ 2ን ታሪክ ተመልከት። ማርች 18 ቀን 1965 ፓቬል ቤልያዬቭና አሌክሴይ ሌዎኖቭ ሁለት ሆነው ወጡ። ሌዎኖቭ ወደ ባዶው ጠፈር መውጣት ስለነበረበት ልብስ ግድ ሆነ፤ ልብስ ሲመጣ ሦስተኛው ሰው ቀረ። የዚያን ኳስ ልክ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ወይ ሦስት ሰው ያለ ልብስ፣ ወይ ሁለት ሰው ከነልብሱ። ሌዎኖቭ ውጭ የቆየው 12 ደቂቃ ያህል ነው። ልብሱ በባዶው ውስጥ ተነፍቶ ስለ ጠጠረ ወደ መሸጋገሪያው ቱቦ ለመመለስ የልብሱን ግፊት ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ለመውረድ ሲዘጋጁ መንኮራኩሯን በትክክለኛው አቅጣጫ የሚያስቀምጠው አውቶማቲክ መሣሪያ አልሠራም፤ ቤልያዬቭ በእጁ ማድረግ ነበረበት። ወንበሮቹ ዞረው መቀመጣቸው እዚህ ላይ ዋጋ አስከፈለ፤ በመስኮቱ ለማየት ከወንበራቸው መነሳት፣ ከዚያ ተመልሰው መቀመጥ ነበረባቸው። የባከነው ጊዜ ከታሰበው ቦታ በመቶዎች ኪሎ ሜትር አርቆ በፔርም ጫካ በረዶ ውስጥ ጣላቸው፤ ሁለት ሌሊትም እዚያው አደሩ።

ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 22 የተላከው ሰው አልባው ኮስሞስ 57 ምሕዋር ላይ ተበታትኗል፤ ከሁለት የምድር ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ የደረሱት ትእዛዞች ተደባልቀው ራስን የማጥፊያውን መሣሪያ ስለ ቀሰቀሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሚሆንበት ዘመን "ሁለቴ ተሳክቷል" ማለት ብዙ አያስኬድም።

ስለ መነሻው ማምለጫ ደግሞ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983ን አስታውስ። ቭላዲሚር ቲቶቭና ጌናዲ ስትሬካሎቭ በባይኮኑር የሮኬት ማስወንጨፊያ ሶዩዝ ውስጥ ተቀምጠው ሊነሱ ጥቂት ሲቀር ሮኬቱ ከሥሩ ተቃጠለ። እሳቱ የመቆጣጠሪያ ገመዶቹን በልቷቸው ስለነበር የማምለጫውን ሮኬት ትእዛዝ የሰጡት የምድር ሰዎች በሬዲዮ ነው። መንኮራኩሯ ተነቅላ ወጣች፤ ከሴኮንዶች በኋላ ሮኬቱ መቆሚያው ላይ ፈነዳ። ሁለቱም ዳኑ። ቮስኾድን የተሸከመው ሮኬት የዚያው ዘር ነው። ይህ በ1964 ቢሆን ኖሮ ሦስቱን የሚነቅል ምንም ነገር አልነበረም።

የምሕዋር ተማሪ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የሁለተኛው በረራ ምሳሌ ለአቋሜ ከኔ ክርክር ይልቅ ጠቅሞኛል። አሁን ወደ ሶዩዝ እንለፍ፤ እዚያ ነገሩ ይወሳሰባል። ሶዩዝ ከመጀመሪያው ለሦስት ሰው የታሰበች ነበረች፤ የማምለጫ ሮኬትም ነበራት። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዎቹ ሲወጡም ሲወርዱም የጠፈር ልብስ አይለብሱም ነበር። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

ሐኪሟ፦

እኔ የሕክምና ባለሙያ በመሆኔ ስለ ሶዩዝ 11 ከሰውነት አንጻር ልጻፍ።

ጌዎርጊ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭና ቪክቶር ፓትሳዬቭ ጁን 6 ቀን 1971 ተነስተው ሳልዩት 1 በተባለችው የመጀመሪያዋ የጠፈር ጣቢያ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይተዋል። እነርሱ ተጠባባቂ ቡድን ነበሩ፤ ዋናው ቡድን የቀረው ከአባላቱ በአንዱ ሳንባ ላይ ጥላ በመታየቱ ሊነሱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። ሲመለሱ ሲወርድ ተለይቶ በሚጣለው የምሕዋር ክፍልና በመውረጃ ክፍሉ መካከል ያለው መዝጊያ አልተዘጋም የሚል መብራት አልጠፋ አለ። ከምድር ጋር ተነጋግረው፣ ደጋግመው ሞክረው፣ በመጨረሻ ችግሩ ከመዝጊያው ሳይሆን ከጠቋሚው መሆኑ ታመነበትና ጠቋሚው በፕላስተር ቢጤ ተስተካከለ። መዝጊያው በእርግጥም ደኅና ነበር። ፍርሃቱ ሁሉ እዚያ ላይ ሲያተኩር አደጋው ግን ከሌላ ቦታ መጣ።

የመንኮራኩሯ ክፍሎች የሚለያዩት በሚፈነዱ ብሎኖች ነው። ብሎኖቹ ተራ በተራ መፈንዳት ሲገባቸው በአንድ ጊዜ ፈነዱ፤ ንዝረቱም መሬት ሊደረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር የውጭውን አየር እንዲያስገባ የተሠራውን ቫልቭ በ168 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከፈተው። አየሩ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አለቀ።

ሰዎቹ ዝም ብለው አልሞቱም። ወንበራቸው ሥር የነበረውን ቫልቭ በእጅ ማዞሪያ ለመዝጋት እንደ ሞከሩ ምልክቱ ተገኝቷል፤ በከፊል ተዘግቶ ነበር። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ግፊት እንዲህ በፍጥነት ሲወርድ ሰው አውቆ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ግን በሴኮንዶች ብቻ የሚቆጠር ነው። በሳንባ ያለው ኦክስጅን ወደ አንጎል መድረሱ ቀርቶ ደሙ ራሱ ኦክስጅን ማጣት ይጀምራል፤ በደም የተሟሟው ናይትሮጅንም አረፋ ይሆናል። መንኮራኩሯ በአውቶማቲክ መሣሪያዋ ካዛኪስታን ላይ ያለ እንከን አረፈች። መዝጊያውን የከፈቱት ሰዎች ሦስቱን በወንበራቸው ላይ አገኟቸው፤ ገላቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ ልብና ትንፋሽ የመመለስ ሙከራ ቢደረግም አልሆነም።

ከሐኪም ወንበር ሆኜ ስናገር፣ ልብስ ለብሰው ቢሆን ኖሮ ይህ አደጋ የሚያስደነግጥ ታሪክ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ጥያቄ አለኝ፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልብሱን የከለከላቸው ማን ነው? ያ የተረገመ ቦታ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ?

የካርኮቩ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም አሉበት፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ስሕተት ላይ የሚጥል ይመስለኛል።

የቦታው ጉዳይ እውነት ነው። የሶዩዝ መውረጃ ክፍል ወርዱ 2.2 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ነው የሚቀመጥባት። ልብስ ሲባል ጨርቁ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከልብሱ ጋር የራሱ ኦክስጅንና የአየር ማዘዋወሪያ ይመጣል፤ ክብደቱም ቦታውም ይጨምራል።

የእምነቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። የኮሮሊዮቭ ቢሮ ሰዎች፣ ከ1966 በኋላም እርሱን የተካው ቫሲሊ ሚሺን፣ የመንኮራኩሯ ግድግዳ አየር ካላስወጣ ልብስ ትርፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የጠላቂ ልብስ የሚለብስ የለም የሚል አነጋገር ይጠቅሱ እንደ ነበር ይነገራል። ካማኒን ግን በማስታወሻው ልብስ አለመኖሩን ደጋግሞ ተቃውሟል። ከቮስኾድ 1 ጀምሮ ግድግዳው አየር አሳልፎ ስለማያውቅ የመሐንዲሶቹ እምነት በእያንዳንዱ በረራ እየጠነከረ ሄደ። የሶዩዝ 4ና 5 ነገር ይህን ያሳያል። በጃንዋሪ 1969 ዬቭጌኒ ክሩኖቭና አሌክሴይ ዬሊሴዬቭ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በውጭ በኩል ሲሻገሩ ልብስ ነበራቸው፤ ልብሱ የተቀመጠው ግን ሲወርድ ተለይቶ በሚጣለው የምሕዋር ክፍል ውስጥ ነው። መውረጃው ውስጥ ገብተው ሲመለሱ በተራ ልብሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ የምሕዋር ተማሪ፣ አቋምህን ለቮስኾድ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ለሶዩዝ ግን ጥቂት ማስተካከያ ይፈልጋል። ቮስኾድ ላይ ልብሱን ያስወጣው የሰው ቁጥር ነው፤ ሶዩዝ ላይ አስቀድሞ ልብስ አያስፈልግም የሚል እምነት ነበረ፤ ሦስተኛው ወንበር የተነደፈው በዚያ እምነት ላይ ነው።

ጋሽ ሜካኒክ፦

ለዚህ አንድ ተጨማሪ ነገር አለኝ። የሶዩዝ አደጋዎች ሁሉ ከሰው ቁጥር ጋር የሚያያዙ አይደሉም። ኮማሮቭ ኤፕሪል 24 ቀን 1967 በሶዩዝ 1 ሲሞት ብቻውን ነበር። አንደኛው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አልተዘረጋም፤ በኋላም ዋናው ፓራሹት ከማስቀመጫው አልወጣም፤ ተጠባባቂውም ገመዱ ከትንሹ ፓራሹት ጋር ተጠላልፎ አልተነፋም። ከዚያ በፊት የተደረጉት ሰው አልባ ሙከራዎች አንዳቸውም በሙሉ የተሳኩ አልነበሩም፤ በዲሴምበር 1966 ባይኮኑር ላይ ሠራተኞች ወደ ቆመው ሮኬት ከተመለሱ በኋላ የማምለጫው ሮኬት በድንገት ተተኩሶ ሮኬቱን አቃጥሏል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ቦሪስ ቮሊኖቭም በሶዩዝ 5 ብቻውን ሲወርድ የመሣሪያ ክፍሉ አልለቅ ብሎት በአፍንጫዋ በኩል ወደ ከባቢ አየር ገባ። የሙቀት መከላከያው በሌለበት በኩል ማለት ነው። ክፍሉ ተቃጥሎ በመላቀቁ መንኮራኩሯ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ዞረችና ዳነ፤ መሬቱን ሲመታ ግን ጥርሶቹ ተሰበሩ። አንድም ሆኖ ሦስትም ሆኖ የጥድፊያ ዕዳ ይከፈላል።

የምሕዋር ተማሪ፦

ማስተካከያውን ተቀብያለሁ፤ የካርኮቩ፣ ልዩነቱን በደንብ አስቀምጠውታል። ከ1971 በኋላ የሆነውን ግን ብትነግሩን መልካም ነው።

የካርኮቩ፦

በሳይንቲስቱ በምስቲስላቭ ኬልዲሽ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ምክንያቱን ካወቀ በኋላ ልብስ ግዴታ ሆነ፤ ቫልቩም ተሻሻለ። ሶኮል የተባለው ልብስ ከነመሣሪያው ሲገባ ሦስተኛው ወንበር ቀረ፤ ለልብሶቹ የሚያስፈልገው የአየር መሣሪያ በዚያ በኩል ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1973 በሶዩዝ 12 ቫሲሊ ላዛሬቭና ኦሌግ ማካሮቭ ሁለት ሆነው በረሩ። ክብደት ለመቆጠብም የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ ተነስተው በባትሪ ብቻ ሁለት ቀን ያህል የምትቆይ ተደረገች።

ያው ሁለቱ ሰዎች ኤፕሪል 5 ቀን 1975 እንደገና ተልከው የሮኬቱ ሁለተኛ ክፍል ከሦስተኛው ሙሉ በሙሉ አልላቀቅ በማለቱ ከጠፈር አፋፍ ወደ አልታይ ተራሮች ተመለሱ፤ የደረሰባቸው ጫና ከመሬት ስበት 20 እጥፍ በላይ ነበር። መውረጃው በረዷማ ተዳፋት ላይ ተንሸራቶ ፓራሹቱ ስለ ያዘው ገደል አልገባም።

ሦስተኛው ሰው የተመለሰው ኖቬምበር 27 ቀን 1980 በሶዩዝ ቲ 3 ነው፤ ሌዎኒድ ኪዚም፣ ኦሌግ ማካሮቭና ጌናዲ ስትሬካሎቭ። በመካከሉ ልብሱ ቀልሏል፤ መቆጣጠሪያውም በዲጂታል ኮምፒውተር ተተክቷል፤ ወንበሩ ተመልሶ ሲገባ ሦስቱም ልብስ ለብሰው ነበር።

ጥያቄ አለኝ፦

እንግዲያው ሦስት ሰው በልብስ ለማስቀመጥ ከሶዩዝ 11 በኋላ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ ማለት ነው?

የካርኮቩ፦

አዎን፤ ከቮስኾድ 1 ከቆጠርህ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት።